ሰኔ 23 የሚዘጋው ሮስተር

መጋቢት 25፣ 2017፣ ሰቆጣ

ዒዱ አለፈ፤ ሰበቤም አብሮት አለፈ። ረመዷንን ሙሉ "ከፆም በኋላ አየዋለሁ" እያልኩ የገፋሁትን ነገር ዛሬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። እኛ የምናዘጋጀው ሊኑክስ፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚነሣበት ነፃ ሥርዓት፣ "ምንጭ" ይባላል። ከባዶ የፈጠርነው ነገር የለም። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በነፃ የለቀቋቸውን ፕሮግራሞች እንሰበስባለን፣ አማርኛ እናለብሳቸዋለን፣ አንድ ላይ አስረን በዋግ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ላይ እንጭናለን። መሰብሰቡም ማሰሩም የእኔ የሐይደር ሥራ ነው። ርክክቡ ሚያዝያ 20 ነው። ኮምፒውተሮቹ ወልድያ መጋዘን ተቀምጠው እኛን ይጠብቃሉ።

የጎደለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የሮስተሩ ፕሮግራም። መምህራን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ እሱን ነው። የተማሪ ውጤት ይመዘግባል፣ ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ካርድ ያትማል። ያለቀለት አሮጌው እትም አማርኛ አይጽፍም፣ ደረጃም አያወጣም። አዲሱ ሁሉን ይችላል፤ ግን ገና የሙከራ ቅጂ ነው። በተከፈተ ቁጥር አንድ መስኮት ይመጣና "ይህ ለሙከራ ነው፣ ዋና ሥራችሁን አደራ አትስጡት" ይላል። ከሥሩ በደቃቁ ደግሞ ሰኔ 23 ላይ እንደሚዘጋ ይናገራል፤ በእርግጥ ሠሪዎቹ ቀኑን የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጁን 30፣ 2025 ብለው ነው። የሙከራ ቅጂ በሰው እጅ እንዳይከርም ብለው ሆን ብለው ያደረጉት ነው። እስከዚያ ያለቀው ይወጣል፣ ሰውም ሁሉ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። እነሱ አገር።

ካርድ የሚሰጠው ሰኔ 30 ነው።

መጋቢት 28

ለኤርምያስ ነገርኩት። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ሲል ስንት ደጅ እንደጠና አይቻለሁ።

"ያለ ሮስተሩ ብንለቀውስ?" አልኩት።

"ያለ ሮስተሩ ማን ይፈልገዋል? ሚያዝያ 20 ካልተረከቡ ዕቃው ለሌላ ዞን ነው የሚሄደው። ተነግሮኛል።"

"ገና ጥሬ ነው እኮ።"

"ያለቀው ግንቦት ላይ ይወጣል ብለውህ የለም? በአፕዴት እናደርሰዋለን።"

"የሰሃላ ትምህርት ቤቶች ጋ ኔትወርክ የለም። ጽጽቃም ሲመጣ ነው።"

"በእግር እናደርሰዋለና። ፍላሽ መቼም አይከብድህም።" ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ደግሞ ያ የሚያስፈራራ መስኮት ይነሣ። መምህር የሚሸሸው ሰበብ ሲያገኝ ነው።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ለእሱ ማለት ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም።

ሚያዝያ 4

መስኮቱ ተነሥቷል።

ሚያዝያ 9

ቢሯችን የአባዬ ሱቅ ጓዳ ነው፤ የሚለየን አንድ መጋረጃ ነው። አባዬ የማር ነጋዴ ነው። ዛሬ ይግዛው የሚባል ደንበኛው ማር ይዞለት መጣ። አባዬ ሰፈፉን ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰለት።

"ይኼን ንቧ ገና አልከደነችውም። ውሃ ነው። ከደረሰው ጋር ብቀላቅለው ቆርቆሮውን ሙሉ ያፈላብኛል።"

"ጥቂት እኮ ነው ሐጅ ሰላሕ፣ ማን ያውቀዋል?"

"የሚያፈላውማ ጥቂቱ ነው። ለከርሞም ሰው ፊት መቆም አለብኝ፣ ይግዛው። የቀረውን ንቧ ጨርሳ ትክደነውና አምጣልኝ።"

አባዬ ስለ ማሩ ነው ያወራው። እኔ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የሰደበኝ ያህል ተናደድኩ። ማር የሚያስረክቡት ባለሥልጣን ጠርተው፣ ባነር ሰቅለው አይደለም። እሱ "ቆይ" ማለት ይችላል።

ሚያዝያ 20

ተረከቡ።

ባነሩ ላይ "ምንጭ 1.0፣ የመጨረሻ እትም" ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አባዬ አዲስ ኮፍያ አድርጎ ከፊት ተቀመጠና ከጎኑ ላለው ሰው ሁሉ "ልጄ ነው የሠራው" ሲል ይሰማኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ባዶ እጄን ስመለስ አንድ ቀን እንኳ ያልወቀሰኝ ሰው ነው። እዚህ ሥራ ላይ የተጣበቅሁት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዛሬ ፊቱን ሳይ ከዚህ መውጫ እንደሌለኝ ገባኝ።

የጥያቄ ሰዓት ሲሆን ከጽጽቃ የመጣች ርእሰ መምህርት ተነሣች። ጥሩሐረግ ትባላለች፤ ጠና ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት።

"እኛ ሮስተር በወረቀት ስንሠራ ዓይናችን ጠፍቷል" አለች። "አሁን ወረቀቱ ይቅር ወይስ ለማንኛውም ጎን ለጎን እንያዘው? ቁርጡን ንገረን።"

ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነበር። ኤርምያስ አየኝ። አባዬም አየኝ።

"ይቅር" አልኩ።

አጨበጨቡ።

ሚያዝያ 27

ምሳው ዘንድ ሄጄ ነበር። አደባባዩ አጠገብ ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ልጅ ነው። "ምንጭህን ለሠርግ ዘፈን ከሚመጣው ሁሉ ጋር እያያዝኩለት ነው" አለኝ በኩራት። የገጠር መምህራን እንዲያባዛላቸው ሰጥተውት ነው። አመሰገንኩት። ምን እለዋለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ልሰብስበው ብል እንኳ የት የት እንደደረሰ አላውቅም።

ግንቦት 9፣ ጽጽቃ

ሥልጠና ልሰጥ ትናንት መጣሁ። ረጅም መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፣ እንቅልፍም የለም።

ስመጣ ኪሴ ውስጥ አንድ ፍላሽ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ ሰቆጣ ላይ ያዘጋጀሁት ነው፤ ሰኔ 23 የሚለው መዝጊያ የወጣለት የሮስተር ቅጂ። ኤርምያስ አላወቀም። እዚህ ቀስ ብዬ ልጭነውና ነገሩ ይለቅ ብዬ ነበር። ስደርስ ግን የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ገብቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ውጤት ያለበት ኮምፒውተር ላይ በደንብ ያልተፈተነ ነገር መጫን ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። ይህን ስጽፍ ፈገግ አልኩ፤ የሚያስቅ ነገር ግን የለውም። ፍላሹ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሌላ ሥራ ግን ሠርቻለሁ። የኮምፒውተሮቹ የሰዓት ባትሪ ሞቶ ነበር፤ ሁሉንም ቀየርኩ። ቀናቸውም የተምታታ ነበር። ዓይናዲስ የምትባል የሒሳብ መምህርት ናት ኮምፒውተሮቹን የምትይዘው። እሷ በሁሉም ላይ ዓመቱን 2017 አድርጋዋለች። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ 2025 መሆን ነበረበት።

"ማን ነው ይኼን የነካካው?" አልኩ፣ ጥሩሐረግ ባለችበት።

"እኔ ነኝ" አለች ዓይናዲስ። "ዓመተ ምሕረቱስ 2017 አይደለም እንዴ?"

"ኮምፒውተር የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። የማያውቁትን መነካካት ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ነገር ታበላሺያለሽ።"

ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ሌሎቹ መምህራን ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ "እሺ" አለችና ሁሉንም ማሽን ሳስተካክል አጠገቤ ቆማ አየች። አንድም አልቀረኝም። ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ።

ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ስፈልግ እሷ ቀድማ አናገረችኝ። ምሕረት የምትባል ልጅ አለቻት፤ ሰቆጣ እህቷ እስከዳር ዘንድ ሆና አንደኛ ክፍል ትማራለች። ዓይናዲስ ዝውውር ስትጠይቅ ዓመታት ሆኗታል።

"ዘንድሮ ስሜ የመጀመሪያው ነው" አለችኝ። "ወይዘሮ ጥሩሐረግ ራሷ ናት ያስቀደመችኝ። መስከረም ላይ ልጄን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ኢንሻአላህ በልልኝ፣ አንተም በእናንተው።"

"ኢንሻአላህ" አልኳት።

ግንቦት 22

ሠሪዎቹ ጻፉ። ያለቀው እትም ዘግይቷል። መቼ እንደሚወጣ አያውቁም፤ "ሲደርስ ይደርሳል" ዓይነት መልስ ነው። ትዕግሥታችንንም አመስግነዋል።

ኤርምያስን "አሁንስ የታረመውን እንላክ?" አልኩት። "መዝጊያው የወጣለት አለኝ።"

"ሁለተኛው ዙር ሊፈቀድ ነው፤ ሰሃላ ላይ ገና ስንት ትምህርት ቤት ይቀራል" አለኝ። "በወሩ 'የሰጠናችሁ ጥሬ ነበር፣ ይኸው የበሰለው' ብለን ብንጽፍ ማን ያምነናል? የመጨረሻ ብለናል፣ የመጨረሻ ነው።"

"ሰኔ 23ስ?"

"እስከዚያ አላህ ያውቃል አትሉም እናንተ?"

በሰው እምነት ሰውን ዝም ያሰኛል፤ አዋቂ ነው።

ግንቦት 29

ዒድ አልአድሐ። ሥጋው አልወረደልኝም። አባዬ "ምነው ከሳህ?" አለኝ። "ሥራ" አልኩት። "አብሽር፣ ያልፋል" አለኝ። መቼ እንደማያልፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀኑ ተጽፏል።

ሰኔ 11

ዛሬ ቆረጥኩና ጽጽቃ ደወልኩ። ደግነቱ ኔትወርክ ነበር። ጥሩሐረግ ራሷ አነሣችው። ሁሉንም ልነግራት፣ ውጤቱን በወረቀትም ገልብጡ ልላት ነበር።

"ሐይደር፣ ዕድሜ ይስጥህ" አለችኝ ገና ድምፄን ስትሰማ። "በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ያመኝ ነበር። ዘንድሮ መምህራኑ በጊዜ ጨርሰው የፈተናውን ወረቀት ለልጆቹ መልሰናል። ዓይናዲስንም ለቀን ተሌት ሥራዋ አመስግንልኝ፤ እኔ ፊት ለፊት ማመስገን አይሆንልኝም።"

"እሺ" አልኳት። "እኔም ሰሞኑን ብቅ እላለሁ። ትንሽ… የማስተካክለው ነገር አለ።"

"ምን ነገር?"

መስመሩ ተቋረጠ። የስልኬ ባትሪም አልቆ ነበር መሰለኝ። መልሼ አልደወልኩም፤ በአካል ሄዶ መናገሩ ይሻላል።

ሰኔ 19

ልሄድ ተሳፍሬ ነበር። ዝናቡ ወንዙን ሞላውና ሚኒባሱ ከመንገድ ተመለሰ። ሹፌሩ "ለሁለት ሦስት ቀን አይሞከርም" አለ። ልቤ ቀለል አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በመቅለሉ ራሴን ታዘብኩት።

ሰኔ 23

ጠዋት ሱቅ ሳልደርስ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ሰቆጣ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሮስተሩ አልከፈት ብሏቸዋል። በእንግሊዝኛ "የሙከራው ጊዜ አብቅቷል" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያዩት። ኤርምያስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"የታረመውን ይዘህ በባጃጅ ዙር። ምን ሆኖ ነው ካሉህ ቫይረስ ነው በላቸው።"

"ሊኑክስን ቫይረስ መቼ ይዞት ያውቃል?"

"ማን ይጠይቅሃል?"

ማንም አልጠየቀኝም። ከቀትር በፊት ሁሉም ተከፈቱ፣ ምርቃትም ተመረቅኩ።

ጽጽቃ ስልክ የለም። አጭር መልእክት ግን አንዳንዴ ሾልኮ ይገባል። ለጥሩሐረግ ተላከላት፦ "ቫይረስ ነው፣ በፍላሽ የሚገባ ነው፣ እስክመጣ ማንም አይንካው።" ቸኩዬ ነበር። ዋናው ነገር እንዳይነካኩት ነው።

ሰኔ 24

ጋሽ ዋሴ ከሰሃላ መጡ። የዚያ አካባቢ ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ ግማሹን መንገድ በእግራቸው ነው የተጓዙት። ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

"እርስዎስ ጋ ሮስተሩ እንዴት ሆነ?" አልኳቸው።

"ምን ይሆናል? ካርድ እያተምን ነው የመጣሁት።"

"አልተዘጋም?"

"ኧረ ምንም።"

አላመንኳቸውም። ከስልካቸው ላይ ያነሡትን ፎቶ አሳዩኝ። የኮምፒውተሩ ፊት ላይ፣ ከጥጉ፣ ቀኑ ይታያል፤ ዓመቱ 2017 ነው፤ እዚያም እንደ ዓይናዲስ በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። እኔ ሰሃላ ሄጄ አላውቅም። የሰሃላን ማሽን ያረመው ሰው የለም። እዚያ ማሽኑ ሰኔ 23 የሚባለው ቀን ሊደርስ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል።

ጽጽቃም እንደዚያው ነበር። ግንቦት ላይ እኔ እስክሄድ ድረስ።

ጋሽ ዋሴ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አሉኝ። ወንበር ሰጡኝ። ለእሳቸው ወንበር መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሰኔ 25፣ ጽጽቃ

ደረስኩ። ወንዙ ጎድሏል።

ጥሩሐረግ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቢሮዋ ውስጥ መምህራን ልጆች ሰብስበው የተመለሰላቸውን የፈተና ወረቀት፣ ውጤቱን እንደ አዲስ ለመሙላት፣ እየለቀሙ ነበር። አንዱ ልጅ በወረቀቱ ደብተሩን ለብዷል፣ የሌላው ዝናብ በልቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው፤ ያፈሰሰውና የሚለቅመው ግን አንድ ሰው አይደለም።

ማሽኖቹን ለብቻዬ ያዝኳቸው። ዓመቱን ወደ 2017 መለስኩ። ሮስተሩ ተከፈተ። ውጤቱ ሁሉ አለ፣ አንድ ቁጥር አልጎደለም። የታረመውን ጫንኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ። መምህራኑ እልል አሉ። አንዷ አለቀሰች።

ጥሩሐረግ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። "ቫይረሱን ያስገባችውንም አግኝተናታል" አለች። "ፍላሽ የምትሰካው እሷ ናት። ቀኑንም ስትነካካ አንተው ራስህ ይዘሃታል። እኔ እንደ ልጄ ነበር የማያት። ግን የአራት መቶ ልጅ ውጤት ነው፣ ዝም አይባልም። ስሟን ከዝውውሩ አወጣሁት።"

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም። ምንም አላልኩም መሰለኝ።

ስወጣ ዓይናዲስ አጥሩ ጋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘ ፌስታል ሰጠችኝ፤ ውስጡ የልጅ ቀሚስ አለ፣ ቢጫ።

"ለምሕረት ነው። ሰኔ 30 ካርዷን ስትቀበል ትልበሰው። ሰቆጣ ገብተህ ለእስከዳር ስጥልኝ።"

"ዓይናዲስ…"

"ወላሂ አላውቅም፣ ምን እንደነካሁ" አለችኝ። በእኔ አፍ ነው የማለችው። "ካንተ በኋላ ቀኑን ነክቼው አላውቅም። ፍላሽ ግን ሰክቻለሁ፤ የፈተና ጥያቄ ነበር ያለበት። ሲያስቡት የእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም።"

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ማንን? ሁለቱንም።

ሰኔ 26

ነገርኳት። ጥሩሐረግን ነው። በሌሊት ተነሥቼ ገና ሰንደቅ ሳይሰቀል ቢሮዋ ሄድኩ። የሙከራ ቅጂ መሆኑን፣ የሚዘጋበት ቀን መታወቁን፣ መስኮቱ መነሣቱን፣ ቫይረስ የሚባል ነገር አለመኖሩን ነገርኳት።

"ማን ነው ያነሣው?" አለች።

"ፕሮጀክቱ…"

"ፕሮጀክት እጅ አለው?"

"እኔ ነኝ።"

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ደስ ባለኝ።

"ቁርጡን ንገረኝ ብዬህ ነበር" አለች። "ይቅር አልከኝ።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። "የዝውውሩ ስም ማክሰኞ በመኪና ወደ ሰቆጣ ሄዷል። ከእጄ ወጥቷል። ምነው ሰኞ ይኼን ብትለኝ።"

ሰኞ እኔ የላክሁላት ሌላ ነገር ነበር።

ዓይናዲስ ክፍል ውስጥ ነበረች። በር ላይ ጠርቼ ነገርኳት። ሰማችኝ። "ቀሚሱን እንዳትረሳው" ብላ ተመለሰች፤ ልጆቹ ይጠብቋት ነበር።

ሰኔ 27፣ ሰቆጣ

ከጁምዓ በፊት የዝውውሩ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ትሑት ነው። ሁሉንም ጨርሶ አዳመጠኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩለት፣ ተቀበለኝ።

"ለእሷ መልካም ነው፤ ስሟ ይጸዳል" አለኝ። "የዘንድሮው ምደባ ግን ተዘግቷል። በቦታዋ ሌላ ሰው ገብቷል፣ ለእሱም ተነግሮታል። ለከርሞ የመጀመሪያዋ ትሆናለች።"

"አንድ ጊዜ መክፈት አይቻልም?"

"ወንድሜ፣ ለአንድ ሰው የተከፈተ ለሁሉ ይከፈታል። የመጨረሻ የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።"

ሰኔ 28

ኤርምያስ ሰምቷል።

"ማን ጠየቀህ?" አለኝ። ይኼን ብቻ ሦስቴ አለኝ። ከዚያ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሁለተኛው ዙር ትናንት ተፈቅዶ ነበር፤ አሁን ይቅር አይቅር አይታወቅም።

"ሌላ ሰው ፈልግ" አልኩት።

"የት ነው ያለው ሌላ ሰው? አሳየኝና ልጥራው። አንተ ብትሄድ እነዚያን ማሽኖች ነገ ማን ያርማቸዋል? ገና ሰሃላ ላይ ስንት አለ፤ ክረምት ሲወጣ አንዱ ብልህ መምህር ቀኑን ያስተካክልልህና…"

ልክ ነው። ለመውጣት የፈለግሁበት በር የተሠራው በእኔው እጅ ነው፤ ከውጭ የሚዘጋውም እኔው ነኝ። ቢሮው ደግሞ የአባዬ ጓዳ ነው። አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉን ሰምቷል። አልገባም። ከቀትር በኋላ ሚዛኑን ሲያጥብ ነበር፣ ደጋግሞ።

ሰኔ 29

ቀሚሱን ወሰድኩ።

እስከዳር ቤት የልብስ ስፌት አለ። ጨርቁን ገፋ አድርጋ አስቀመጠችኝ። እህቷ ደውላ ነግራታለች፤ ከድምፅዋ ያስታውቃል፤ ግን አላስቀየመችኝም፣ ውሃም ሰጠችኝ። ምሕረት ከጓሮ እየሮጠች መጣች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ፌስታሉን ተቀብላኝ ሳትከፍተው ቆመች።

"እማዬ መቼ ነው የምትመጣው? መስከረም ብላኛለች።"

እስከዳር መቀሷን አስቀመጠች።

"ዘንድሮ አትመጣም" አልኳት።

"ለምን?"

"ሥራዋን እኔ አበላሸሁባት።"

"ኮምፒውተሩን?"

"እሱንም።"

"አልሠራኸውም?"

"ኮምፒውተሩን ሠርቼዋለሁ።"

"ከሠራኸው ታዲያ ለምን አትመጣም?"

እስከዳር ልጅቷን ሳብ አድርጋ ቀሚሱን በላይዋ አጠለቀችላት። እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ወረደ፣ ጫፉ መሬት ነካ። እናቷ የገዛችላት ቁመቷን በግምት ይዛ ነው።

"ላሳጥረው ወይ?" አለች እስከዳር፣ ለራሷ ነው የምትለው። ከዚያ ጫፉን ለቀቀችው። "ግድ የለም፤ ለከርሞ ይሆናታል።"